የሰንበሌጥ ዩኒቨርሲቲ አንቀጽ ሰባት

ረቡዕ ረቡዕ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ የሰንበሌጥ ሰፈር ሰው ይመዘናል። ሀሴት ናሆም በአርባ ሰባት ዓመት ዕድሜዋ አንድም ረቡዕ ቀርታ አታውቅም። የተወለደችው ማክሰኞ ማታ ስለነበር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሚዛን ላይ የወጣችው በተወለደች በአስር ሰዓቷ ነው።

ሥርዓቱን ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። ጫማ ይወልቃል፤ ሚዛን ላይ ይወጣል፤ ግራ ክንድ በግድግዳው ቀዳዳ ገብቶ ደም ተቀድቶበት ይወጣል፤ ከዚያ ጠያቂዋ ፊት ይቀመጣል። ጠያቂዋ ወጣት ናት፤ ትሑት ናት፤ ጥያቄዎቹን ወረቀት ሳታይ ታውቃቸዋለች።

«ባለፈው ሳምንት ስንት ጊዜ ሳቁ?»

«አራት።»

«ስንት ጊዜ አለቀሱ?»

«አንድ።»

«ከጎረቤት ጋር ተኳርፈዋል?»

«የለም።»

የሰፈሩ ሰው ሁሉ በሳምንት አራት ጊዜ ስቆ አንድ ጊዜ ያለቅሳል። ከዚያ የበለጠ የሳቀ ወይም ያለቀሰ ሰው ተጨማሪ ቅጽ ስለሚሞላ ግማሽ ቀኑን አዳራሹ ውስጥ ይውላል። ይህን ማንም ለማንም አልነገረም፤ ሁሉም ብቻውን ደረሰበት።

የዚያን ዕለት ከሀሴት ፊት የተሰለፈችው ልጇ ሶልያና ነበረች። ሃያ አምስት ዓመቷ ነው፤ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ጠያቂዋ እንደ ሌላው ጊዜ ጠየቀቻት፣ መዘገበች፣ ከዚያ ከመሳቢያዋ ትንሽ ሰማያዊ ወረቀት አውጥታ ከሆዷ በላይ ልብሷ ላይ ለጠፈችላት። 118-5-1 ይላል። ቤት ቁጥር አንድ መቶ አስራ ስምንት፣ አምስተኛ ትውልድ፣ አንደኛ ልጅ።

«እንኳን ደስ አለሽ» አለቻት ፈገግ ብላ።

ሶልያና ከአዳራሹ ስትወጣ ወረቀቱን በጣቷ ነካ አደረገችው እንጂ አልላጠችውም።

«እማዬ» አለች፣ «እኔ ስም ሳላወጣለት እነሱ ቁጥር አወጡለት።»

ሀሴትም 118-3-1 ናት።

የሶልያና ባል ኦብሳ የጊንጪ ሰው ነው፤ የባቡር ሐዲድ ይጠግናል። እሁድ እሁድ እየመጣ እንግዳ መቀበያው ውስጥ አብሯት ይውልና አስራ አንድ ሰዓት ሲሆን ተነስቶ ይሄዳል። ገብቶ አብሯት እንዳይኖር፣ የገባ ሰው የጥናቱ ተሳታፊ ይሆናል። ወጥታ አብራው እንዳትኖር ደግሞ ክሊራንስ አለ። ክሊራንስ አስራ ስድስት ፊርማ ነው። ከቤተ መጻሕፍት፣ ከክሊኒክ፣ ከመኖሪያ ቤቶች፣ ከምግብ ቤት እየተባለ አስራ አምስቱ ይሰበሰባል፤ እያንዳንዱ ፊርማ የሚያገለግለው ሠላሳ ቀን ነው። አስራ ስድስተኛው የደም ናሙና ክፍል ነው። እሱ ማመልከቻ የሚቀበለው አስራ አምስቱ ሲሟሉ ነው፤ መልስ የሚሰጠው ደግሞ በአርባ አምስተኛው ቀን። ሶልያና ሁለት ጊዜ ዞራዋለች። ሁለቱንም ጊዜ መልሱ ሲመጣ የያዘችው ፊርማ ሁሉ ቀኑ አልፎበታል።

«እንደገና ይጀምሩት፣ የኔ እህት» ይላታል የመስኮቱ ሰው፣ ከልቡ እያዘነ። በሰንበሌጥ ክፉ ሰው ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው።

ሀሴት የምትሠራው በዩኒቨርሲቲው መዛግብት ክፍል ነው። ዘመኑ 2084 ዓ.ም. ነበር፤ ሰንበሌጥ ዩኒቨርሲቲ ስልሳ ዓመት የሚሞላበት። ለበዓሉ «ታሪክና ገጽታ» የሚል ወፍራም መጽሐፍ እንድታዘጋጅ ታዝዛ ነበር። ሥራውን ወዳው ነበር። አቧራ ከጠጡ ማህደሮች መካከል መዋል፣ የሞቱ ሰዎችን የእጅ ጽሑፍ ማንበብ፣ ከመመዘንና ከመጠየቅ ያሳርፋታል።

ዩኒቨርሲቲው በ2024 የተከፈተው ተዘግቶ በቆየ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት መቶ ተማሪዎች ከሥራ መልስ የሚማሩ የሰፈሩ ልጆች ነበሩ። ማቅለሚያው ክፍል ቤተ ሙከራ፣ መጋዘኑ ቤተ መጻሕፍት ሆነ። መምህራኑ ከተማሪዎቻቸው ጋር ታክሲ ይሰለፉ ነበር፤ ከነሱ ጋር ፓስቲ ይበሉ ነበር። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው፣ የከተማ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ችግሩን የሚያጠናው ደጃፉ ላይ ነው እየተባለ ተመሰገነ። በ2031 የትውልድ ጥናት ተጀመረ። በግቢው ዙሪያ የነበሩ አራት መቶ አስራ ሁለት ቤቶች ፈረሙ። ከነሱ ደም የስኳር በሽታን አስራ አንድ ዓመት ቀድሞ ማወቂያው ተገኘ። ከነሱ ልብ ለደከመ ልብ የሚሆነው መድኃኒት ተገኘ። ዓለም አጨበጨበ፤ ዩኒቨርሲቲውም ሰፋ። ታክሲ ተራው የእንቅስቃሴ ቤተ ሙከራ ሆነ። ጉሊቱ የዋጋ ጥናት ማዕከል ሆነ፤ ድንችና ሽንኩርት የሚቸረችሩት እናቶች የመስክ ረዳት ተባሉ። ኳስ ሜዳው የወጣቶች ባህርይ ምልከታ ጣቢያ ሆነ፤ ልጆቹ ግን አሁንም ኳስ ይጫወቱበታል። ዛሬ አስራ አንድ ኮሌጆች፣ ሰባት ሆስፒታሎች፣ ስልሳ ሺህ ተማሪዎች አሉት፤ ከአህጉሩ አንደኛ ነው።

ሀሴት እስከዚህ ድረስ ጽፋ ነበር፣ በጥቅምት መጨረሻ የ2031ን ማህደሮች ስትከፍት።

ቅጾቹ በቤት ቁጥር ተደርድረዋል። የራሷን ቤት ከመፈለግ የሚያግዳት አልነበረም። ቤት 118 አንዲት ቢጫ የሆነች ወረቀት ናት። ሦስት ስም አለባት፤ የአያቷ የወይዘሮ ምንትዋብ፣ የወንድ አያቷ፣ የዚያን ጊዜ አስራ ስድስት ዓመቱ የነበረው አባቷ ናሆም። ከታች «እና ወደፊት የሚወለዱ» ይላል። ገልበጥ ስታደርጋት አንቀጽ ሰባትን አገኘች።

«በዚህ ቅጽ ላይ ስሙ የተጻፈ ማንኛውም የቤቱ አባል፣ በማንኛውም ቀን፣ ምክንያት ሳይሰጥ፣ ቅጹን ላስፈረመው ባለሙያ በቃል በመንገር ብቻ ቤቱን ከጥናቱ ማስወጣት ይችላል። ባለሙያው ይህንኑ ሰምቶ ይፈርማል። የዩኒቨርሲቲው ሠራተኛ የሆነ የቤቱ አባል በሠራተኛ ደንብ ይተዳደራል።»

ከሥሩ በጥንቃቄ የተጻፈ ስም አለ፤ አስፈራሚ፣ ወይዘሪት ቤዛዊት ታምራት።

ሀሴት ሦስት ጊዜ አነበበችው። በሦስተኛው ጊዜ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ስለ ማን እንደሆነ ገባት። ሠራተኛዋ እሷ ናት። ሠራተኛ ደግሞ መውጫው ክሊራንስ ብቻ ነው።

አባቷን ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘቻቸው። ጋሽ ናሆም ስልሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ ደረታቸው ላይ ከቆዳቸው በታች የቁልፍ መጠን ያለው ነገር አለ፤ ዓርብ ዓርብ ሆስፒታል እየሄዱ መድኃኒቱን ያስሞሉታል። ልባቸው የሚመታው በሱ ነው። ወረቀቷን ስታነብላቸው ሳቁ።

«ያቺን ወረቀት? በደንብ ነዋ የማስታውሳት! እናቴ ልብስ ታጥብ ነበር። አንዲት ቀጭን ልጅ ትልቅ ቦርሳ ተሸክማ መጣች። እናቴ እጇን በቀሚሷ አደራርቃ ፈረመች። ለሁለት ዓመት ነው የተባልነው። ሦስት ሳሙናና አንድ ደርዘን ደብተር ሰጡን።»

«ታዲያ ሁለት ዓመቱ እንዴት እንዲህ ሆነ?»

«እሱን እኮ ማንም አያውቅም። አጥር ያጠረ ሰው የለም። መጀመሪያ ነፃ አውቶቡስ መጣ፤ ለአውቶቡሱ መታወቂያ ያስፈልጋል ተባለ። ከዚያ ክሊኒኩ በመታወቂያ ሆነ። ትምህርት ቤቱም እንደዚያው። አንድ ቀን ድልድዩን ለመሻገርም መታወቂያ ጠየቁን። ሁላችንም ኪሳችን ውስጥ ስለነበር ማንም አልተቆጣም።»

ሀሴት ወረቀቷን አጠፈች። «አባዬ፣ እዚህ ላይ ስማቸው ካለው በሕይወት ያለኸው አንተ ብቻ ነህ።»

ጋሽ ናሆም ወዲያው ገባቸው። እጃቸው ወደ ደረታቸው ሄደ።

«ከወጣሁ ይሄ ነገር ስንት ጊዜ ይቆያል?»

«እንጃ።»

«ታውቂያለሽ አንቺ። መዝገብ ቤት ነው የምትውይው።»

«አስር ሳምንት» አለች ሀሴት፣ ዓይን ዓይናቸውን ላለማየት እየጣረች። «ቢበዛ አስራ ሁለት። መድኃኒቱን ለወጣ ሰው አይሰጡም።»

«አንቺስ?»

«እኔ ሠራተኛ ነኝ፣ አባዬ። እኔን አይጨምርም።»

ጋሽ ናሆም ጉንዳን በጫማቸው ላይ ሲሄድ አዩት፤ አላራገፉትም።

«ሶሊ ሰምታለች?»

«ገና።»

«ስለ ወረቀቷ ንገሪያት። ስለ ደረቴ እንዳትነግሪያት።»

ሀሴት ያን ማታ ሳህን ስታጥብ ሁለቱን ሰበረች፤ ለምን እንደሆነ ሶልያና ብትጠይቃትም አልነገረቻትም።

በማግስቱ የጥናቱን ዳይሬክተር ፕሮፌሰር ኤፍራታን ለማነጋገር ሄደች። ኤፍራታ የሰፈሩ ልጅ ናት፤ ከሀሴት ጋር ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠዋል። አሁን ከአራተኛ ፎቅ መስኮቷ ሰፈሩ በሙሉ ይታያታል። ቅጹን ተቀብላ መነጽሯን አድርጋ አነበበችው። ፊቷ አልተለወጠም።

«ይሠራል» አለች።

«ምን?»

«አንቀጹ ነዋ። ማንም አልሻረውም። ጥናቱን ሕጋዊ ያደረገው ይሄ ቅጽ ነው ሀሴትዬ። እሱን የሻረ ሰው የሃምሳ ሦስት ዓመቱን ሥራ በሙሉ ሻረ ማለት ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁንም?»

«ማን ጠየቀን?»

ይህን ያለችው በክፋት አልነበረም። እውነትም ማንም አልጠየቀም ነበር።

«ቤዛዊት የምትባለው ሴትዮ በሕይወት አለች?»

«አረጋውያን ማደሪያ፣ ሦስተኛ ፎቅ። ልደብቅሽ ብልም ማውጫው ላይ አለ።»

«ኤፊ፣ ልጄን እንዳስወጣት እየረዳሽኝ ነው ወይስ…»

«አልረዳሁሽም፤ ሕጉን ነው የነገርኩሽ» አለች ኤፍራታ ቅጹን እየመለሰች። «ደግሞም አንድ ቤት ነው።»

እማማ ቤዛዊት ሰባ አምስት ዓመታቸው ነው። ጥግ ላይ ካለች ጠባብ አልጋ ላይ ተቀምጠው በመስኮት ወደ ድልድዩ እያዩ ነበር፣ ሀሴት አባቷንና ልጇን አስከትላ ስትገባ። አርባ ዓመት መረጃ ሲሰበስቡ ኖረዋል፤ ጡረታ ከወጡ በኋላ አዳማ ወዳለች እህታቸው ልጅ ለመሄድ ዘጠኝ ጊዜ ክሊራንስ ዞረዋል። ዘጠኙም ጊዜ ደም ናሙና ክፍል ላይ ቆሟል።

ወረቀቷን ሳይነኩ የቤቱን ቁጥር ብቻ አዩ።

«አንድ መቶ አስራ ስምንት። ወይዘሮ ምንትዋብ። ልብስ እያጠቡ ነበር።» ከዚያ ጋሽ ናሆምን ቀና ብለው አዩ። «አንተ ከበሩ ኋላ የቆምከው ልጅ ነህ። የትምህርት ቤት ሸሚዝህን ለብሰህ።»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

«ለሁለት ዓመት ነው ብዬ ለእናትህ ነግሬያታለሁ። እኔም የተነገረኝ እንደዚያ ነበር።» ከቅጹ ሥር ያለውን ስማቸውን በጣታቸው ጠቆሙ። «አራት መቶ አስራ ሁለቱንም ቤት ያስፈረምኩት እኔ ነኝ። አንቀጽ ሰባትን ለሁሉም አንብቤላቸዋለሁ። አንድ ቀን አንዱ መጥቶ ይነግረኛል ብዬ ስጠብቅ ሃምሳ ሦስት ዓመት ሆነኝ።»

ሶልያና አለቀሰች። ጋሽ ናሆም ባርኔጣቸውን አውልቀው በእጃቸው ያዙ።

«ምን ብዬ ነው የምናገረው?»

«እንደመጣልህ። በቃል ነው የሚለው፣ ምን ዓይነት ቃል አይልም።»

«እንግዲህ…» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ቤቴን ይዤ ከጥናታችሁ ወጥቻለሁ።»

እማማ ቤዛዊት ቀስ ብለው፣ ፊደል በፊደል፣ ስማቸውን ጻፉ። ሲጨርሱ ዓይናቸው የጋሽ ናሆም ሸሚዝ ላይ፣ ደረታቸው አካባቢ ቆየ። ያ ጥናት የሠራውን ነገር ለይተው ያውቁታል። አፋቸውን ከፈቱ። ጋሽ ናሆም ጭንቅላታቸውን በስሱ ወዘወዙ። አሮጊቷ አፋቸውን መልሰው ዘጉ።

ከሰፈሩ መውጫ፣ ምዕራብ በር የደረሱት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ጠባቂው ወጣት ወረቀቷን አገላብጦ አየ፤ ስልክ ደወለ፤ እንደገና አገላብጦ አየ፤ ሌላ ስልክ ደወለ። ከወዲያ ማዶ ኦብሳ ከአጎቱ የተዋሰውን ፒክአፕ ይዞ ቆሟል። ወጣቱ ሦስተኛውን ስልክ ሲዘጋ ከወንበሩ ተነስቶ ቆመ።

«ይለፉ» አለ። «እኔ እዚህ ስሠራ አራት ዓመቴ ነው። እንደዚህ ዓይነት ወረቀት አይቼ አላውቅም።»

ሶልያና ከልብሷ ላይ ሰማያዊውን ወረቀት ልጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። «የናንተ ነው» አለችው። ከዚያ ወደ እናቷ ዞረች። «እማዬ፣ ነይ እንጂ።»

ሀሴት መታወቂያዋን ከበሩ አስጠጋችው። ቀይ በራ። እንደሚበራ ታውቅ ነበር፤ ልጇ እንድታይላት ነው። ሶልያና እናቷ ቀሪ እንደሆነች የገባት ያኔ ነው። እናቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች፤ ሆዷ በመካከላቸው ነበር፤ ፅንሱ ሲራገጥ ሀሴት በራሷ ሆድ ላይ ተሰማት። ኦብሳ ከማዶ እየጮኸ ይጠራል። በሩ ለወጪዎች ክፍት ሆኖ የሚቆየው ጥቂት ደቂቃ ነው።

ጋሽ ናሆም ልጃቸውን ግንባሯን ሳሟት።

«ዓርብ ሆስፒታል መሄጃህ ነው እኮ» አለች ሀሴት በሹክሹክታ። «ሳይመሽብህ ተመለስ። አሁን ተመለስ፣ አባዬ።»

«አልመለስም። አንቺ ወረቀት ማገላበጥ ታውቂያለሽ፤ አገላብጪ።»

ከዚያ ሄዱ። በሩ ሲዘጋ ድምፅ አልነበረውም። ፒክአፑ አቧራ አስነስቶ ጠመዝማዛው ላይ እስኪሰወር ቆማ አየች።

በሳምንቱ ኤፍራታ አስጠራቻትና ለመጽሐፉ አንድ አንቀጽ እንድትጨምር ነገረቻት። ራሷ አርቅቃ ነበር። «በጥናቱ መሳተፍ ሙሉ በሙሉ በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ ነው። በሃምሳ ሦስት ዓመታት ውስጥ ለመውጣት የጠየቀው ቤተሰብ አንድ ብቻ ሲሆን፣ ጥያቄው በዕለቱ ተፈቅዶለታል።» ሀሴት ውሸት ፈለገችበት። አንድም አልነበረውም። ጽፋ አስገባችው፤ ቤቷ ስትገባ ግን እጇን ደጋግማ ታጠበች።

ሲምቦ በታኅሣሥ ጊንጪ ተወለደች። ስሟን ያወጡላት ጋሽ ናሆምና የኦብሳ እናት ተመካክረው ነው። ሶልያና በስልክ እየሳቀች አባባ ሕፃኗን አቅፎ አላስነካ አለ ብላ ነገረቻት። በጥር ሁለተኛ ሳምንት ደረጃ መውጣት አቃተው አለች። በሦስተኛው ሳምንት «እማዬ፣ ለምን አልነገራችሁኝም?» ብላ ብቻ ዘጋችው። ከወጡ በአስራ አንደኛው ሳምንት፣ አንድ ማለዳ ጋሽ ናሆም አረፉ።

ሀሴት ለቀብር ለመውጣት ጠየቀች። የመስኮቱ ሰው አቀርቅሮ አዘነላትና አስራ ስድስቱን ቅጽ ሰጣት።

የሰፈሩ ሰው ግቢዋ ውስጥ ድንኳን ተከለ። አስከሬን የሌለበት ለቅሶ ነበር። ኤፍራታ ጥቁር ለብሳ መጥታ ጎኗ ተቀመጠች፤ እጇን ያዘቻት፤ ከልቧ አለቀሰች። ሀሴት አልጠላቻትም። ብትጠላት ይቀላት ነበር።

በሁለተኛው ቀን የሚቀጥለው ቤት ጎረቤት አቶ ዳግም አጠገቧ መጥተው ቁጭ አሉ። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ የልጅ ልጆቻቸው አምስት ናቸው። ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው ትንሽ ካለቀሱ በኋላ ጎንበስ አሉ።

«የኛስ ቤት ወረቀት… አለ?»

ሀሴት ቀና አለች።

«አለ።»

«ስሜ አለበት?»

«ልየው» አለች። ድንኳኑ ውስጥ ሰባት ስምንት ሰው ዝም ብሎ ጆሮውን እንደጣለ ያኔ አስተዋለች።

ሐዘኗን ሳትጨርስ ሥራ ገባች። አራት መቶ አስራ ሁለቱን ማህደር አንድ በአንድ ከፈተች። ስማቸው ከተጻፈው መካከል በሕይወት ያለ ሰው ያለባቸው ቤቶች ሠላሳ ሰባት ሆኑ። ዝርዝሩን በእጇ ጻፈች። በአራተኛው ቀን ከሰዓት የአረጋውያን ማደሪያው አስተናጋጅ ደወለችላት። የእማማ ቤዛዊት ክሊራንስ ደርሷል። አስራ ስድስቱም ፊርማ፣ ደም ናሙና ክፍልም ጭምር፣ በአንድ ቀን። ወደ አዳማ የሚወስዳቸው መኪና በር ላይ ቆሟል።

ሀሴት ሮጠች። እማማ ቤዛዊት ከሰፈሩ ከወጡ ቃሉን የሚሰማ ሰው አይኖርም። ወረቀቶቹ ወረቀት ብቻ ሆነው ይቀራሉ። ሦስተኛ ፎቅ ስትደርስ ኤፍራታ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ነበር። በሩ ክፍት ነው። እማማ ቤዛዊት ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ሻንጣቸውን እግራቸው ሥር አድርገው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ለጉዞ ያወጡት ነጠላ ትከሻቸው ላይ አለ።

«መጣሽ?» አሉ። «ስንት ቤት ነው?»

«ሠላሳ ሰባት።»

«በሕይወት ያሉት?»

«በሕይወት ያሉት።»

አሮጊቷ በመስኮቱ ወደ ታች፣ ወደ መኪናው አዩ። ሹፌሩ የኋላውን በር ከፍቶ ይጠብቃል። ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ የካፖርታቸውን ቁልፍ ከላይ ጀምረው አንድ በአንድ ይፈቱ ጀመር።

«እማማ» አለች ኤፍራታ ወደ ክፍሉ ገብታ፣ «መኪናው እየጠበቀ ነው። ስንት ዓመት የለመኑትን ነው ያገኙት።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ። ይሄ ፊርማ ስንት ቀን ይቆያል?»

«ሠላሳ ቀን።»

«እንግዲያው ሠላሳ ቀን አለኝ።»

«ሰዎቹ በሠላሳ ቀን ውስጥ ባይጨርሱስ? ሰው ለመወሰን ጊዜ ይፈጅበታል። ፊርማዎ ያልፋል።»

«ካለፈ እንደገና እጀምረዋለኋ! አስረኛዬ አይደል?»

ኤፍራታ ወደ ሀሴት ዞረች። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋ ተሰበረ። «ምን እየሠራሽ እንደሆነ ታውቂያለሽ? ሠላሳ ሰባት ቤት ማለት እኮ ጥናቱ…»

«አውቃለሁ። ከሠላሳ ሰባቱ አንዱ የናንተ ቤት ነው ኤፊ። የእናትሽ ስም አለበት።»

ኤፍራታ ግድግዳውን ተደገፈች። ከዚያ ወደ መስኮቱ ሄዳ ለሹፌሩ እጇን አወዛወዘች፤ ሹፌሩ የኋላውን በር ዘጋው። ከክፍሉ ስትወጣ ማንንም አላየችም። ሀሴት የእርምጃዋን ድምፅ ደረጃው ላይ እስኪጠፋ ሰማችው፤ ወደ ቢሮዋ ይሁን ወደ እናቷ ቤት ማወቅ አልቻለችም።

አቶ ዳግም በማግስቱ አራት ሰዓት ላይ መጡ። ሚስታቸው፣ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ኮሪደሩን ሞልተውታል። እማማ ቤዛዊት ጠረጴዛ አስጠግተው፣ ብዕር ይዘው፣ የቤት 119ን ቅጽ ፊት ለፊታቸው ዘርግተው ተቀምጠዋል።

አቶ ዳግም ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ጫማቸውን ሊያወልቁ ጎንበስ ብለው ተዉት። ከዚያ ጠበቁ። ቤዛዊትም ጠበቁ። ሀሴት በሩ ላይ ቆማ ስታያቸው ምን እንደነካቸው ገባት። ሃምሳ ሦስት ዓመት በየሳምንቱ ተጠይቀው የመለሱ ሰው ናቸው፤ አሁን ጥያቄውን እየጠበቁ ነው።

«አይጠይቁኝም?» አሉ በመጨረሻ።

«አልጠይቅህም» አሉ እማማ ቤዛዊት።

አቶ ዳግም በሩ ላይ የቆሙትን ልጆቻቸውን አዩ። እጃቸውን አንዱን በአንዱ አሹ። ከንፈራቸው ሁለት ጊዜ ተንቀሳቅሶ ድምፅ አልወጣም። በሦስተኛው ወጣ፤ ለራሳቸውም እንግዳ የሆነ፣ ከለመዱት በላይ ከፍ ያለ ድምፅ ነበር።

«እኔ ዳግም፣ ከነቤተሰቤ ወጥቻለሁ።»

ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ሲፋቅ ተሰማ። ልጆቹ እየተገፋፉ፣ እናታቸው እየተቆጣቻቸው፣ ወደ ደረጃው መውረድ ጀመሩ። ሀሴት ከዝርዝሯ ላይ አንድ መስመር ሰረዘችና እስከ ምዕራብ በር ሸኘቻቸው። መታወቂያቸው በየተራ አረንጓዴ ሲበራ ቆጠረችላቸው፤ አስራ አንድ ሰው። የመጨረሻው ካለፈ በኋላ በሩ ተዘጋ፤ እሷም ቀጣዩን ቤት ልትጠራ ወደ ሰፈሩ ተመለሰች።